ቤታችንን ለቀን ከ3 ዓመት ልጃችን ጋር መዞር ልንጀምር ነው። አብደናል?

ማሂ ከግንፍሌ | ግንቦት 11፣ 2017

ሰላም ጎበዝ። ረዘም ይላል፤ ቡና ያዙና አንብቡት።

እኔ 31፣ ባለቤቴ 35 ዓመታችን ነው። ልጃችን 3 ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። አራት ኪሎ፣ ከግንፍሌ ወንዝ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው። ኪራዩ 28 ሺህ ብር ነው። እኔ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። እሱ ውጭ አገር ላለ ድርጅት ቤት ቁጭ ብሎ ዲዛይን ይሠራል። ኔትወርክ እስካለ ድረስ የት እንደሚቀመጥ የሚጠይቀው የለም።

ቀኔ እንዲህ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ልጄን እንቅልፏን ሳትጨርስ አለብሳታለሁ። 1 ሰዓት ከሩብ ሲሆን ሰርቪሷ ይመጣል። እኔ ታክሲ እሰለፋለሁ። ማታ ስመለስ 1 ሰዓት ተኩል፣ ዝናብ ከጣለ 2 ሰዓት ይሆናል። እሷ እራቷን በልታ ዓይኗ እየተከደነ ነው። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት “ዛሬ እሑድ ነው?” ማለት ጀምራለች። አይደለም ስላት ታኮርፋለች። ባለፈው ሐሙስ ሰልችቶኝ “አዎ” አልኳት። የሰርቪሱ ጥሩንባ ሲሰማ ያየችኝን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም።

ያሰብነው ይሄ ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ቤቱን እናስረክባለን። ዕቃውን እንሸጣለን። እኔ ሥራ እለቃለሁ። መጀመሪያ ሀዋሳ፣ ከዚያ አርባ ምንጭ፣ ከዚያ ድሬዳዋና ሐረር። የልጅቷ ፓስፖርት ከወጣ ደግሞ ናይሮቢና ሞምባሳ። ኬንያ ለኛ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም። ሲያንስ አንድ ዓመት። አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ስለሆነ ጊዜ አለን ብለን ነው።

እናቴን ግን ማሳመን አልቻልኩም። ካዛንቺስ ነው የወለደችኝ፣ ካዛንቺስ ነው ያሳደገችኝ። ሰፈሩ በ2017 መጀመሪያ ሲነሳ ከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄደች። ሐሳባችንን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና “የልጅ ልጄን ዘላን ልታደርጊያት ነው?” አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ “እኔ ሳልወድ ነው ከቤቴ የወጣሁት። አንቺ ወደሽ?” ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ልጅ ይዞ የሞከረ አለ? ልጁ ላይ ምን አያችሁ? መስደብ የምትፈልጉ በልኩ ይሁን።

ረስቼው፣ አልጋ፣ ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥንና ፍሪጅ የሚፈልግ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

ቁጥብ | ግንቦት 11

ቁም ሳጥኑ ስንት ነው?

ቀጥታ ተናጋሪ | ግንቦት 11

እህቴ አትቀየሚኝ። ይሄ የኢንስታግራም በሽታ ነው። ፈረንጅ ልጁን ጀርባው ላይ አድርጎ ሲዞር አይተሽ ነው። ፈረንጁ ኢንሹራንስ አለው። ልጁ ቢታመም በአውሮፕላን አገሩ ይገባል። አንቺ ስትመለሺ የሚጠብቅሽ ደላላ ነው። ልጅ የሚፈልገው ያንኑ አልጋ፣ ያንኑ ጎረቤት፣ ያንኑ የጠዋት ገንፎ ነው። ደግሞ እውነቱን እናውራ፣ መንገዱስ? ስንት ሰው ነው ዘመዱን ለመቅበር እንኳ በመኪና መሄድ ፈርቶ የቀረው? አንቺ ሕፃን ይዘሽ ለሽርሽር?

ባለ ሰባት ቤት | ግንቦት 11

“ያንኑ አልጋ፣ ያንኑ ጎረቤት” ያልከው ወንድሜ፣ የትኛው አዲስ አበባ ነው የምትኖረው? እኔ በ10 ዓመት ውስጥ 7 ቤት ተከራይቻለሁ። ሽሮ ሜዳ፣ ፈረንሳይ፣ ገርጂ፣ ጀሞ፣ ሌላውን ረሳሁት። ልጄ 8 ዓመቱ ነው፤ አራት ሰፈር ጓደኛ ትቶ ሄዷል። ማንም “ጉዞ” ብሎ አልጠራልንም። እኛም አይሱዙ ላይ ፍራሽ ጭነን ስንዞር ነው የኖርነው፤ ሐይቅ አላየንም እንጂ።

ቀጥታ ተናጋሪ | ግንቦት 11

@ባለ ሰባት ቤት ያስቃል፣ ግን መልስ አይደለም። አንተ ተገደህ ነው።

ባለ ሰባት ቤት | ግንቦት 11

ልጁ መገደዴን በምን ያውቃል?

ሲስተር ነኝ | ግንቦት 12

የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። ሂጂም አትሂጂም አልልም። ስለ ጤና ማንም ስላላነሳ ግን እኔ ላንሳ።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ ከወባ ጋር አይተዋወቅም። ወባ በብዛት ያለችው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። የዘረዘርሻቸው ከተሞች ደግሞ ሁሉም ከዚያ በታች ናቸው። ሀዋሳ 1,700 ገደማ፣ አርባ ምንጭ 1,300 ገደማ፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ። በፈረንጆቹ 2024 ዓመቱ ሳያልቅ፣ እስከ ጥቅምት ብቻ፣ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን አገራችን ውስጥ መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ወባ የሚበረታው ክረምት ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። እናንተ የምትገቡት ልክ በዚያ ሰሞን ነው። አጎበር ከዚሁ ይዘሽ ሂጂ፣ የእንግዳ ማረፊያ አጎበር ቀዳዳ አያጣም። ልጅቷን ትኩሳት ሲይዛት “ጉንፋን ነው” ብለሽ አትደሪ። በዚያው ቀን ደሟን አስመርምሪ።

ድሬዳዋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ገብታለች። ይቺኛዋ ረግረግ አትፈልግም። በሮቶ፣ በበርሜል፣ በግንባታ ቦታ ጉድጓድ ውስጥ ነው የምትራባው። የከተማ ትንኝ ናት። ደንጊ የሚባለው ትኩሳትም አለ፤ የሱ ትንኝ የምትናከሰው በቀን ስለሆነ አጎበር ብቻውን አያድንም። ቤት ስታዪ ሳሎኑን ከማየትሽ በፊት የሮቶውን ክዳን እዪ።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርሽ። የመቂና የወንጂ አካባቢ ሰው ጥርሱ ቡናማ ሆኖ አይተሽ ታውቂያለሽ? ባለመፋቅ እንዳይመስልሽ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የልጅሽ ቋሚ ጥርሶች ገና ድዷ ውስጥ እየተሠሩ ናቸው። ለሳምንት ምንም አይደለም። ለወራት የምትቀመጡ ከሆነ ግን የምትጠጣውም ምግቧ የሚሠራበትም ውሃ ከየት እንደሚቀዳ ጠይቂ። አፈላዋለሁ እንዳትዪ። ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም፣ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም ይጠነክራል።

ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ልጆች ሲንቦራጨቁ ታያለች። እኔም ልግባ ብላ ታለቅሳለች። ታልቅስ። ቢልሃርዝያ አለ።

ለኬንያው፣ የቢጫ ወባ ክትባት ከ9 ወር ጀምሮ ይሰጣል፤ አንዴ ከተወጋች ለዕድሜ ልክ ነው። ለተቅማጥ ኦአርኤስና ዚንክ ከቦርሳሽ አይጥፋ። አንዱ የኦአርኤስ ፓኬት በአንድ ሊትር ውሃ ነው የሚበጠበጠው። በብርጭቆ የሚበጠብጡ እናቶች በየቀኑ ያጋጥሙኛል።

ማሂ ከግንፍሌ | ግንቦት 12

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥሽ። የፍሎራይዱን ነገር ሰምቼው አላውቅም። ለባለቤቴ ሳነብለት “በስመ አብ፣ የመቂውን አጎቴን ዕድሜ ልካችንን በሲጋራ ነው ያማነው” አለ።

የያቤሎ ልጅ | ግንቦት 12

እናትሽን አክብሬ ነው የምናገረው። “ዘላን” የሚለው ቃል እኛን ያመናል። እሳቸው ለክፋት እንዳላሉት አውቃለሁ። ግን አርብቶ አደር ዝም ብሎ የሚዞር ሰው አይደለም። ዝናብ የት እንደጣለ ሰው ልኮ ያረጋግጣል። የውሃ ጉድጓዱ የማን እንደሆነ፣ ተራው መቼ እንደሚደርሰው ያውቃል። ቦረና ውስጥ ቱላ የሚባሉ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉን፤ የትኛው መንጋ በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ ሥርዓት አለው። ልጁም ከመንጋው ጋር ወዴት እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ ያውቃል። አንቺ የምትመለሺበትን ቀን ታውቂዋለሽ? ልጅሽስ ታውቀዋለች?

ሰው ኃይል | ግንቦት 13

ወረቀት ወረቀቱን እኔ ልበል፣ ሥራዬ ስለሆነ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሥራ ስትለቂ የ30 ቀን ቅድመ ማስታወቂያ ትሰጫለሽ። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰብልሻል። ግን ለምን ትለቂያለሽ? መጀመሪያ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቂ። ረጅሙን እንዲሰጡሽ ሕጉ አያስገድዳቸውም፣ በስምምነት ነው። ቢከለክሉሽ ምን ታጫለሽ? ጡረታ ላይ ካንቺ 7፣ ከአሠሪሽ 11 በመቶ ሲገባ ኖሯል። 10 ዓመት ሳይሞላሽ ወጥተሽ ከቀረሽ ዕድሜሽ ሲደርስ ወርኃዊ አበል የለም። ስንት ዓመት ሠርተሻል?

ኪራዩን በተመለከተ፣ በአዋጅ 1320/2016 ውል ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይበልጥም። ጭማሪውም በዓመት አንዴ በሚወጣው ተመን ነው። የተመዘገበ ውል ካለሽ ትልቅ ነገር ይዘሻል። ስትመለሺ አዲስ ቤት፣ አዲስ ድርድር ነው።

ማሂ ከግንፍሌ | ግንቦት 13

8 ዓመት። አሁን ሆዴን አሳመምከኝ።

የምድር ባቡር ልጅ | ግንቦት 14

ልጄ፣ እኔ 68 ዓመቴ ነው። የምጽፈው የልጅ ልጄ አጠገቤ ሆና እያሳየችኝ ነው፤ ስሕተት ካለ የሷ ነው።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በፈረንጆቹ 1902፣ አዲስ አበባ የገባው 1917 ነው። 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ። እኛም እሱ ላይ ነው ያደግነው። አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ ድሬዳዋ፣ በመጨረሻ እዚህ ለገሃር። አባቴ በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ይዛወራሉ። ዕቃው ፉርጎ ላይ ይጫናል። እናቴ ዶሮዎቿን በቅርጫት ይዛ ከኛ ጋር ትቀመጣለች።

ያተረፍኩትን ልንገርሽ። ትምህርት ቤት ሳልገባ ኦሮምኛና ሶማልኛ እሰማ ነበር። ከፈረንሳይኛ ስድቡን ነው ቀድሜ የለመድኩት። የሰው አገር ስሄድ አልደነግጥም፣ ዛሬም።

የጎደለኝንም ልንገርሽ። የልጅነት ጓደኛ የለኝም። ለቅሶ ቤት ሁሉም “አብረን ነው ያደግነው” እያለ ያለቅሳል። እኔ “አብረን ነው የሠራነው” እላለሁ። ትንሽ ነገር ይመስላል። በኔ ዕድሜ ግን ለቅሶ ይበዛል።

አንድ ነገር ልብ በዪ። የባቡረኛ ቤተሰብ ብቻውን አይዛወርም ነበር። በየጣቢያው ባቡረኛ አለ። ሚኤሶ በገባን ቀን እናቴ ገና ዕቃ ሳታወርድ የጎረቤት ሴት ቡና አፍልታ ጠበቀቻት። ሴትየዋን አይታት አታውቅም። ባሎቻቸው አንድ ሐዲድ ላይ ይሠራሉ፣ በቃ። አንቺ ሀዋሳ ስትገቢ ቡና አፍልቶ የሚጠብቅሽ ማን ነው? ቤት ከመፈለግሽ በፊት እሱን ፈልጊ።

ቀጥታ ተናጋሪ | ግንቦት 14

አባቴ፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ የጻፍኩትን ላጠፋው ነበር። አላጠፋውም፣ ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌያለሁ።

ተመላሿ | ግንቦት 16

እኛ ሞክረነዋል። 7 ወር ዞረን ተመለስን። ልጃችን ያኔ 4 ዓመቱ ነበር። አልተጸጸትኩም። ነገር ግን ፎቶ ላይ የማይታየውን ልንገርሽ።

ያበላሸነው ፍጥነቱን ነው። በመጀመሪያው ወር አምስት ቦታ። ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ፣ ሀዋሳ፣ ዲላ፣ አርባ ምንጭ። ለኛ ደስ ይላል። ልጁ ግን አልጋ ማርጠብ ጀመረ። ካቆመ ከዓመት በላይ የሆነው ልጅ! ማታ ማታ “ዛሬ የማን አልጋ ነው?” ይላል። የኛ ነው ስንለው አያምነንም። ልክ ነው፣ የኛ አልነበረማ። አርባ ምንጭ ላይ ተስፋ ቆርጠን ቆምን። ተመልሰን እንሂድ እየተባባልን 40 ቀን ተቀመጥን። በሁለተኛው ሳምንት ባለሱቁን በስሙ ይጠራው ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ፍራሹ ደረቅ አደረ። ከዚያ ወዲህ የትም ብንሄድ ከወር በታች አልተቀመጥንም።

የናፈቀው ምን መሰለሽ? መጫወቻው አይደለም፣ ክፍሉም አይደለም። የግቢያችን ዘበኛ። በየሳምንቱ እንደውልላቸው ነበር። እሳቸውም “ጌታዬ፣ በላህ?” ይሉታል። እሱ የበላውን በሙሉ ይቆጥርላቸዋል። በቃ፣ ስልኩ ያልቃል።

ስለ ባልና ሚስት ማንም አይናገርም። ቤት ስትሆኑ የምትጣሉበት ክፍል አላችሁ። እዚያ ልጁ እዚያው ተኝቷል። በሹክሹክታ መጣላት ሞክሩት እስቲ! እኛ ሻወር ቤት ገብተን ውሃ ከፍተን ነበር የምንጣላው። የባልሽ ሥራ በፈረንጆቹ ሰዓት ከሆነ ደግሞ ሌሊት ነው የሚያወራው፤ አንድ ክፍል እንዳትከራዩ። መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ይንቀራፈፋል። የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም ይያዝ።

ገንዘብ ላይ፣ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በብር ያጠራቀማችሁትን ናይሮቢ ላይ አትቁጠሩት። እሱ ለአገር ውስጥ ይሁን። ውጭ የምትወጡት ባልሽ በሚያገኘው ዶላር ልክ ነው። የኛ ብር ያለቀው ስንዞር አይደለም። ተመልሰን ቤት ስንፈልግ፣ ያንኑ የሸጥነውን ፍሪጅ በእጥፍ ስንገዛ ነው ያለቀው።

ቁጥብ | ግንቦት 16

ስለ ፍሪጁ አይደለም የኔ ጥያቄ፣ ስለ ቁም ሳጥኑ ነው።

አባዱላ ሹፌር | ግንቦት 17

የእህታችንን አንብቤ ሳቅኩ፣ የሻወሩን።

መኪና ውስጥ እናድራለን የሚል ሐሳብ እንዳይመጣባችሁ። ለገሃር ጀርባ ፈረንጆቹ ድንኳን የሚተክሉበት ግቢ ነበር። ከካይሮ ኬፕታውን የሚነዱት እዚያ ያርፋሉ፤ ላንድክሩዘራቸው ጣሪያ ላይ አልጋ አለ። አምሮኝ አባዱላዬ ውስጥ ፍራሽ ዘርግቼ ልጆቼን ላንጋኖ ወሰድኳቸው። በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ መስኮት ተንኳኳ፤ “ምንድን ናችሁ?” ፈረንጅ ሲያድር ቱሪስት ነው፣ ሐበሻ ሲያድር ጥርጣሬ ነው።

ከአዲስ አበባ ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ነው። እስከ ባቱ በአዲሱ የፍጥነት መንገድ ሂዱ፣ እዚያ ዓሣ ብሉ፣ ልጅቷ ትሩጥ። ሞያሌ ግን 770 አካባቢ ነው። በአንድ ቀን እንዳታስቡት። ለድሬዳዋ ከፉሪ ለቡ ባቡር አለ፤ ለልጅ ከመኪና ይሻላል፣ ትንሸራሸርበታለች። በጨለማ አትንቀሳቀሱ። የመንገዱን ነገር ደግሞ ጠዋት መናኸሪያ ሄዳችሁ ከዚያ አቅጣጫ የመጣ ሹፌር ጠይቁ። ቲክቶክን አትጠይቁ።

ሐይቅ ዳር | ግንቦት 18

ሀዋሳ ነው የምኖረው። ኑ፣ ደስ ይለናል። ግን “እዚያ ርካሽ ነው” እያላችሁ ደላላው የጠራላችሁን ዋጋ ሳትከራከሩ አትክፈሉ። እናንተ ለሦስት ወር የምትከፍሉት ለኛ የዓመት ዋጋ ሆኖ ይቀራል። ይሄንን ካንጀቴ ነው የምለው።

የእድር ጸሐፊ | ግንቦት 18

እድርሽን እንዳታቋርጪ። በቴሌብር መክፈል ይቻላል። የቀብር መቅሪያ ቅጣቱን ግን አንምርሽም።

ማሂ ከግንፍሌ | ሰኔ 21

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወር ሙሉ ስናወራበት ከረምን።

ሥራ አልለቀቅኩም። ያለ ደመወዝ ስድስት ወር ጠየቅኩ፣ ሦስት ወር ሰጡኝ፤ ከሐምሌ 25 እስከ ጥቅምት 25። አርባ ምንጭም ድሬም ቀሩ። ሦስቱንም ወር ሀዋሳ ነን። ቤቱን ግን አስረክበናል፤ ሁለት ኪራይ መክፈል አልቻልንም። ባለቤቴ “የባቡረኛው አባት ያሉትን” እያለ ሲፈልግ ሲፈልግ የድሮ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛውን አገኘ። የጓደኛው አክስት አሮጌ ሰፈር ግቢ አላቸው፤ ሰርቪስ ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። በስልክ “ልጅ አላችሁ? እንግዲያው ኑ” አሉን። ስለ ኪራይ ያወሩን ከዚያ በኋላ ነው።

የፓስፖርቷ ጉዳይ ገና ነው። የልደት ሰርተፍኬቷ ላይ የኔ ስም በአንድ ፊደል ስለተሳሳተ ወሳኝ ኩነት ሦስት ጊዜ ተመላልሼያለሁ። እናንተም ከአሁኑ እዩት።

እማዬ እንዳኮረፈች ናት።

ማሂ ከግንፍሌ | መስከረም 9፣ 2018

ከሀዋሳ። እንኳን አደረሳችሁ።

አጎበር ውስጥ ነው የምንተኛው፣ ልጄ “ድንኳኔ” ትለዋለች። የምንጠጣው የታሸገ ውሃ ነው፣ ወጪው ያማል። አንዴ ትኩሳት ይዟት በሌሊት ሮጥን፣ ወባ አልነበረም። ሐይቁ ዳር በየቀኑ ታለቅሳለች፣ ሲስተር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቶች መጥፎ ነበሩ። ሞግዚቷን ጠራች፣ ሰርቪሷን ጠራች። አዎ፣ ያንን ሰርቪስ! እኔም ቀኑን ሙሉ ከሷ ጋር መዋል እንዳሰብኩት አልሆነልኝም። ቢሮ ሆኜ የናፈቅኳት ልጅና በ9 ሰዓት ላይ ፀሐይ ላይ የምትነጫነጨው ልጅ አንድ አይደሉም። አንድ ቀን እሷን ለአክስትየዋ ትቼ ገበያ ሄድኩና ሳያስፈልገኝ ሁለት ሰዓት ቆየሁ።

ለእንቁጣጣሽ ከግቢው ልጆች ጋር አበባየሆሽ ስትል ዋለች። ግጥሙን አታውቀውም፣ “ለምለም” የምትለዋን ብቻ ጠብቃ ትጮሃለች። 85 ብር ይዛ ገባች።

እማዬ ለበዓሉ ለአንድ ሳምንት መጥታለች። አኩርፋ ነው የመጣችው። ከአክስትየዋ ጋር ተዋውቀው አሁን ቡና ላይ ናቸው።

ተመላሿ | መስከረም 9

የቢሮ ልጅና የ9 ሰዓት ልጅ! ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር፣ ለብቻዬ ነው የተሰማኝ እያልኩ ስሳቀቅ ነበር።

የምድር ባቡር ልጅ | መስከረም 10

እናትሽ መቼ ነው የሚመለሱት?

ማሂ ከግንፍሌ | ጥቅምት 19

የምድር ባቡሩ አባት፣ እማዬ አልተመለሰችም። የአንድ ሳምንቱ ወር ከሳምንት አለፈው። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው ያለችው፤ ጉልበቷ ደግሞ ደረጃ አይወድም። “እዚያም የማውቀው ሰው የለም፣ እዚህም የለም። እዚህ ግን መሬት ላይ ነኝ” ትላለች። ጠዋት ከአክስትየዋ ጋር ገብርኤል ይሳለማሉ። ከሰዓት ልጄን ትይዝልኛለች። እኔ የአንድ ሱቅ ሒሳብ መያዝ ጀምሬያለሁ፣ በወር አራት ቀን ብቻ።

የፊታችን ማክሰኞ ፈቃዴ ያልቃል። ረቡዕ ሜክሲኮ መገኘት አለብኝ። ወይም የ30 ቀኑን ደብዳቤ መጻፍ። ባለቤቴ ጥር ላይ ወባው ሲቀንስ አርባ ምንጭ ይላል። እኔ የ8 ዓመቱን እያሰብኩ ነው። ትናንት ማታ ልጄን “ወደ አዲስ አበባ ቤታችን እንመለስ?” አልኳት። “የትኛው ነው?” አለችኝ። የግንፍሌውን ልነግራት አፌን ከፈትኩና ሌላ ሰው እንደገባበት ትዝ አለኝ።

ደብዳቤውን ጽፌዋለሁ። አልላክሁትም።

የያቤሎ ልጅ | ጥቅምት 19

ዛሬ አትላኪው። ሰኞ ጠዋት አንብቢውና ያኔ ወስኚ።

ቁጥብ | ጥቅምት 20

እህቴ እንኳን ደህና ሆናችሁ። አምስት ወር ጠበቅኩ፣ ቁም ሳጥኑስ?

ማሂ ከግንፍሌ | ጥቅምት 20

ይቅርታ ወንድሜ፣ አይሸጥም። እማዬ ኮንዶሚኒየም ነው ያስቀመጥነው። የካዛንቺስ ዕቃዋን በሙሉ በጋዜጣ ጠቅልላ እሱ ውስጥ ቆልፋበታለች፣ ቁልፉንም ይዛው መጥታለች።